የተሸጥኩበት የገበያ ቀን

በልጅነቴ አንድ ጊዜ እንጅባራ ገበያ ላይ ተሽጫለሁ። ያኔ ዕድሜዬ ሰባት ነበር፣ ወይም ዘጠኝ፤ እናትና አባቴ በዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። የተስማሙት በክብደቴ ነው፤ እሱንም ሰው መሀል ገብቶ።

ለገበያ ያበቃኝ እጄ ነው። የጥር ሃያ ሦስቱ የፈረሰኞች በዓል ሊደርስ ሰሞን አባቴ አወቀ፣ ዳማ ፈረሱን ያለማምድ ነበር። አባቴ ለፈረስ ነገር አይሳሳም። የእናቴ ነጠላ ሲያልቅ «ይታሰብበታል» ይላል፤ የፈረሱ ግላስ፣ ያ የጀርባ ልብሱ፣ ዘርፉ ሲበጠስ ግን ያኑ ዕለት ከተማ ይወርዳል። አንድ ከሰዓት በኋላ ደስ ብሎት ኮርቻው ላይ አስቀመጠኝና «እንዴት ያለች ፈረሰኛ!» ብሎ ወደ ኋላ ራቅ አለ፣ ሊያየኝ። ፈረሱ ወደ ፊት ሄደ። እኔ በነበርኩበት ቀረሁ። ከዚያ መሬቱ መጣ።

ወጌሻው መጥቶ የግራ እጄን አንጓ ቅቤ ቀባና ጣቶቼን ተራ በተራ ጎተተ። «ስብራት የለም፤ ወለምታ ነው» አለ። እኔ ስጮህ ጊዜ ደግሞ «ይሄ ልማድ ነው» ብሎ እጁን ታጥቦ ሄደ።

አባቴ ስለ መድኃኒት የሚያውቀው ሁሉ አንድ ጣሳ ውስጥ ነበር፤ ነጫጭ ኪኒን። ሕጉም አጭር ነው፤ ለአዋቂ ሙሉ፣ ለልጅ ግማሽ፣ ለጥጃ ሁለት። ጥጃችን ከሁላችንም ይልቅ ጤነኛ ስለነበረች ተከራክሮት የሚያውቅ የለም። ያን ዕለትም ጣሳውን አውርዶ ኪኒኑን በሽንኩርት ቢላዋ ሊሰነጥቅ ሲል እናቴ ምህረቴ እጁን ያዘችው። ከጤና ኤክስቴንሽኗ ስብሰባ የመጣች ሰሞን ነበር።

«የልጅ መድኃኒት የአዋቂ ግማሽ አይደለም» አለችው። «የልጅ የሚባል ሽሮፕ አለ። እሱም በክብደቷ ልክ ነው የሚሰጣት።»

«ማን አለ?»

«መንግሥት።»

«መንግሥት የማናለብሽን እጅ የት አይቶት?»

«ያንተን ጥጃስ የት አይቶት? አስቀምጥ ብዬሃለሁ!»

አስቀመጠ። እኔ መደብ ላይ ተጋድሜ አለቅሳለሁ፤ እነሱ እንደተኛሁ አስበው ቀስ ብለው ያወራሉ። ተኝቶ የሚያለቅስ ሰው የት እንዳዩ እንጃ።

«ነገ ገበያ ነው። ይዘናት እንውረድ» አለች እናቴ።

«እንውረድ» አለ አባቴ። «ሳይብስባት።»

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ባለፈው ክረምት ቀዩ በሬያችን እግሩን ታሞ ሲያነክስ አባቴ በዚሁ ድምፅ፣ በዚሁ መደብ አጠገብ ቁጭ ብሎ «ነገ ገበያ ነው፤ ሳይከሳ ይዘነው እንውረድ» ብሎ ነበር። በሬው አልተመለሰም። እኛ ቤት ያነከሰ ይሸጣል። እኔ ደግሞ በእጄ አነከስኩ።

በጧት ከዘንገና ተነስተን ወረድን። አህያዋ ጀርባ ላይ ድንች፣ አባቴ ጀርባ ላይ እኔ፤ ሁለታችንም ለገበያ። እጄ በልቤ ምት ልክ ይጠዘጥዘኛል። ግን ማልቀስ አቆምኩ። በሬው ገበያ ላይ ሲያቃስት ዋጋውን እንዴት እንደጣሉት አይቻለሁ። መሸጤ ካልቀረ በርካሽ ልሸጥ አልፈለግኩም።

«ዝም አለች። ተሻላት መሰለኝ» አለ አባቴ። «ብንመለስስ?»

እናቴ እጄን ጫን አድርጋ ነካችው። የጮህኩት ጩኸት አህያዋን አስሮጣት።

«አልተሻላትም» አለች እናቴ።

መድኃኒት ቤቱ ገበያው አፍ ላይ ነው። ባለሙያዋ ዮርዳኖስ ትባላለች፤ ነጭ ጋውን የለበሰች ወጣት ናት። እጄን አገላብጣ አየች፤ ጣቶቼን አንቀሳቅሺ አለችኝ፤ አንቀሳቀስኩ። ከዚያ ወደ ወላጆቼ ዞራ «ስንት ዓመቷ ነው?» አለች። ያንን ባትጠይቅ ጥሩ ነበር።

«በበረዶው ዓመት ነው የወለድኳት» አለች እናቴ። «ሰባት ይሆናታል።»

«የበረዶውን ዓመትማ ጥርስ አውጥታ ነበር» አለ አባቴ። «ዘጠኝ ናት።»

«እኔ ነኝ የወለድኳት!»

«እኔስ ቆጣሪዋ አይደለሁም?»

ዮርዳኖስ እጇን አነሳች። «እሺ፣ ዕድሜውን እንተወው። ክብደቷስ?»

አባቴ ሳያቅማማ ብብቴ ሥር ገብቶ ከፍ አደረገኝ፤ አንዴ ነቅነቅ አድርጎ አስቀመጠኝ። ሙክት ሊገዛ ሲል እንዲሁ ነው የሚያደርገው። «የመካከለኛ ሙክት ያህል ትሆናለች» አለ። እኔ በልቤ ገዢ ፊት መሆናችንን አረጋገጥኩ።

«በሙክት አይሆንም» አለች ዮርዳኖስ ሳትስቅ። «የኛ ሚዛን ተበላሽቷል፤ የወጣበትን ሰው ሁሉ አንድ ቁጥር ነው የሚያሳየው። በግምት ግን አልሰጥም። ካነሰ ሕመሟን አያስታግስላትም፣ ከልክ ካለፈ ደግሞ ጉበት ይጎዳል። ክብደቷን አምጡልኝና በልኳ እሰጣችኋለሁ።»

ክብደቷን አምጡልኝ ነው ያለችው። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ።

«በቃ፣ ወገኔ ዘንድ እንሂድ» አለ አባቴ። «ለድንቹም መሄዳችን አይቀር።»

አቶ ወገኔን የማያውቅ የኛ አገር ልጅ የለም። ከኛ ቀበሌ የሚወጣ ነገር ሁሉ፣ ድንቹ፣ ገብሱ፣ ቀዩ በሬ፣ በወገኔ መጋዘን ገብቶ ነው የሚጠፋው።

መጋዘኑ ሁለት በር አለው። በኋላ በር ከገበሬ ይገዛል፣ በፊት በር ለከተማ ሰው ጨውና ስኳር፣ የዘር ስንዴም ይሸጣል። በኋላ በር ገበሬው ከነጆንያው ተሰልፏል። ሰልፉ ላይ የሚወራው በአገሩ ቋንቋ፣ በአውንጊ ነው። ወገኔ እዚያ አገር ሠላሳ ዓመት ኖሮም አውንጊ አልሰማም ይላል። ገበሬዎቹ አይሰማም ብለው በአውንጊ ያሙታል፤ እሱም ሳይሰማ የሰሞኑን ዋጋ በአማርኛ ይቀንሳል። እንዲህ ተከባብረው ነበር የሚኖሩት።

«ጋሼ ወገኔ» አለ አባቴ፤ «ከድንቹ በፊት ይችን ይመዝኑልኝ።»

ወገኔ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «ከነጆንያዋ ነው?» አለ ቀሚሴን እያየ። ሰልፉ ሳቀ። ብድግ አድርጎ ብረቱ ላይ አቆመኝ። ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ የድንች አፈር ይሸታል። መርፌው ተንቀጥቅጦ ቆመ።

«አስራ ሰባት!» አለ ወገኔ፣ ለጆንያ በሚጮህበት ዜማ። ቀጥሎ ዓይኑን ወደ እግሬ አወረደ። «አንድ ለአፈር። አስራ ስድስት።»

«የምን አፈር?» አለች እናቴ።

«ልማድ ነው እሜቴ። ከመሬት የወጣ ነገር ሁሉ አፈር አለው።»

«እኔ ከመሬት አላወጣኋትም!»

«አስራ ስድስት ካሉ አስራ ስድስት ነው» አለ አባቴ። ከዚህ ሚዛን ፊት ቆሞ ሌላ ነገር ብሎ አያውቅም። እኔ ግን ደነገጥኩ። አስራ ስድስት! አባቴ ሙክት ታህላለች ሲል የሰማ ጆሮዬ ይህን ሊቀበል አልቻለም። ማልቀሴን ያቆምኩት በከንቱ ነበር።

ይሄኔ ከውስጥ እታለማሁ ወጣች። እታለማሁ የወገኔ ሚስት ናት፤ ለእኔ ደግሞ የክርስትና እናቴ። ልጅ የላትም። ክርስትና ስታነሳኝ አንገቴ ላይ ያሰረችውን ማተብ ባየችኝ ቁጥር ታቃናለች። በርበሬ ስትቀነጥስ ነበርና በእጇ አልነካችኝም፤ በክርኗ ነው ያቀፈችኝ።

«ልጄን ምን አድርጋችሁ ነው ብረት ላይ የሰቀላችኋት?»

«ለመድኃኒት ነው እታለም» አለች እናቴ። «እጇን ታማ። በክብደቷ ልክ ነው የሚሰጣት ተብለን። ካነሰ አያስታግስ፣ ካለፈ ጉበት ይጎዳል አለችን የመድኃኒት ቤቷ ልጅ። እና አስራ ስድስት ናት አሉን።»

እታለማሁ ቀና ብላ ባሏን አየችው። እሱ መርፌውን ያያል።

«ወገኔ።»

«አቤት።»

«በዚህ ነው የመዘንካት?»

«በምን ልመዝናት?»

«አውርዳት።»

«እታለማሁ፣ ሰው አለ።»

«ሰው መኖሩንማ አያለሁ። ልጅቷ መድኃኒት ልትጠጣበት ነው። አውርዳትና በፊተኛው መዝናት።»

ሰልፉ ላይ አያ ውዱ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ፤ ነገር አያልፋቸውም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እትዬ እታለማሁ፣ ፊተኛው ምን የተለየ አለው?» አሉ። በአውንጊ አይደለም ያሉት። አልሰማሁም እንዳይባሉ በጥሩ አማርኛ ነው።

ወገኔ እኔን ተሸክሞ መጋዘኑን ሰንጥቆ አለፈ፤ እታለማሁ ተከተለች፤ እናትና አባቴ ተከተሉ፤ ሰልፉም ድንቹን ትቶ ተከተለ። በፊተኛው በር ያለው ሚዛን ላይ ቆምኩ። ከተማው ጨው የሚገዛበት ነው።

«ሃያ አራት» አለ ወገኔ። በዚህ ጊዜ ዜማ አልነበረውም።

«እግዚኦ!» አሉ አያ ውዱ። «ከኋላ በር እስከ ፊት በር ስምንት ኪሎ ጨመረች። መንገድ ይስማማታል ማለት ነው።»

ሳቁ መጋዘኑን ሞላው። ከሳቁት ውስጥ አንዱ የቤት እመቤት ነበረች፣ ጨው የገዛች፤ ሳቋን መሀል ላይ አቁማ ፌስታሏን ወደ ላይ አንስታ አየችው።

እናቴ ግን አልሳቀችም። «ታዲያ ለመድኃኒት ቤቷ ልጅ የትኛውን ልንገራት?» አለች። «በአስራ ስድስት ልስጣት ወይስ በሃያ አራት? አንዱ ሕመሟን አይነካው፣ አንዱ ጉበቷን!»

ያን ጊዜ የክርስትና እናቴ ፊት ላይ ያየሁትን፣ ስለ ዋጋዬ እያሰበች ነው ብዬ ነበር የተረዳሁት። ዛሬ ግን፣ የራሴ ቤትና የራሴ ባል ኖሮኝ ሳስበው፣ ሴትዮዋ እዚያ ጨውና ስኳር መሀል ቆማ የሠላሳ ዓመት ትዳሯን በአንድ እጇ፣ የእኔን አንጓ በሌላ እጇ ይዛ ነበር። ብዙም አልቆየችም። የመቀነቷን ጫፍ ፈታች፤ ቁልፍ አወጣች።

«ሁለቱንም አትንገሪያት» አለች እናቴን።

«እታለማሁ!» አለ ወገኔ።

ወደ መኝታ ቤት ገባች። ከአልጋው ሥር የሆነ ነገር ስትጎትት ተሰማ። በአሮጌ ኩታ የተጠቀለለ ሚዛን ታቅፋ ወጣች። ኩታውን ገለጠችው። የሚያብረቀርቅ ነው፤ አፈር ነክቶት አያውቅም።

«ይሄ የባሕር ዳር መኪና ሲመጣ አንተ የምትመዝንበት ነው» አለችው ባሏን። «ሹፌሩ እንዳይሸውድህ።»

ሦስተኛው ሚዛን ላይ ቆምኩ። ሃያ ሆንኩ።

ይሄኔ ነው መሸጤን ያረጋገጥኩት። ገበያ እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ። ገዢ አስራ ስድስት ይላል፣ ሻጭ ሃያ አራት ይላል፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ሰው ይሰበሰባል፣ አንድ ሽማግሌ ይቀልዳል፣ መጨረሻ ላይ መሀል ላይ ይስማማሉ። ሃያ! ክርስትና እናቴ እስከ ሃያ ድረስ ተሟግታልኛለች። አንገቴን ቀና አደረግኩ። ደግሞ የገዛችኝ እሷ ናት ብዬ ደስ አለኝ፤ ስኳሩን አይቼዋለሁና።

አባቴ ሚዛኑ ላይ እንዳፈጠጠ ነው። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ስለ እኔ እየጸለየ መስሎኝ ነበር። ድንች እያሰበ ነበር። ስንት ዓመት፣ ስንት ጆንያ፣ ከያንዳንዱ ስንት፣ ደግሞ ለአፈር ስንት። ሌሎቹም ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። ወገኔ ብቻ «የሚዛኑ ሞላ ላልቶ ይሆናል፤ ይታያል፤ ብረት ነው፤ ብረት ይደክማል» ይላል።

ሃያዬን ይዘን ወደ መድኃኒት ቤት ተመለስን። ዮርዳኖስ ሰንጠረዥ አየች፤ በትንሽ ኩባያ ላይ መስመር ምልክት አደረገችና ሽሮፑን እስከዚያ ቀዳች። ሮዝ ነው። እንጆሪ እንጆሪ ይላል፣ እንጆሪ ግን አይደለም። መሸኛዬ ነው ብዬ ጠጣሁት።

«ፓራሲታሞል ነው» አለች ለእናቴ። «በየስድስት ሰዓቱ ስጫት፤ ከዚያ አታቀራርቢው። በዚህ ኩባያ ነው፣ በቤት ማንኪያ አይደለም። ኪኒኑን ደርበሽ እንዳትሰጫት። ማስታገሻ ነው እንጂ እጁን የሚጠግን አይደለም፤ እብጠቱ ካልቀነሰ ወይ ጣቷን ማንቀሳቀስ ካቃታት ጤና ጣቢያ ውሰጃት።»

አባቴ ተጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለጥጃስ?»

«ምን አሉ?»

«ምንም አላለም» አለች እናቴ በክርኗ እየገፋችው።

ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ጥዝጣዜው ከእጄ ወጥቶ ሲሄድ ተሰማኝ። አባቴ ጀርባ ላይ ተኛሁ። ስነቃ የገዛ መደባችን ላይ ነበርኩ። ከተሸጡት ሁሉ የተመለስኩ እኔ ብቻ ነኝ። ብዙ አሰብኩና ምክንያቱን አገኘሁት፤ የተስማሙት በሃያ ነው፣ በወገኔ ብረት ላይ ግን ገና አስራ ሰባት ነኝ። መጀመሪያ ሊያወፍሩኝ ነው።

መስሎኝ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሚቀጥለው ገበያ አያ ውዱ ድንቻቸውን ሚዛን ላይ ሊያደርጉ ሲሉ እጃቸውን ሰበሰቡና «ቆዩማ፣ የአወቀ ልጅ ትምጣ» አሉ። «የሷን ልክ ሁላችንም አይተናል፤ ሃያ ናት። እሷ ላይ ሃያ ካለ እኔም ላይ አይዋሽም።» ወገኔ ላቡን ጠረገ። ብረቱ ላይ አቆሙኝ። አስራ ሰባት።

«ገና ባለሙያ አልመጣም፤ ይጠገናል» አለ ወገኔ። ያን ዕለት አስራ ሰባቱን ሁሉ እንደ ሃያ እየቆጠረ ገዛ፤ ሲገዛም እንደ ታመመ ሰው ነበር የሚያቃስተው።

ከዚያ ወዲህ ገበያ በመጣ ቁጥር አባቴ ከድንቹ ጋር እኔን ይዞ ይወርዳል። በሰልፉ ፊት መጀመሪያ እኔ እመዘናለሁ፣ ከዚያ ድንቹ። አባቴ የተከበረ ሰው ሆነ። ድንች ያመጣ ገበሬ ሁሉ «አወቀ አልመጣም?» እያለ ይጠብቀዋል። ወገኔም ወደደኝ። ከቻግኒ የመጣ ሙዝ፣ ማር በዳቦ፣ የወረቀት ከረሜላ በኪሴ። «ብዪ፣ የኔ ልጅ። አሁንም ብዪ። ለቤትሽም ውሰጂ፣ ማታ ብዪ።» እታለማሁ ናት በእጇ የምታጎርሰኝ፤ እሱ አጠገቧ ቆሞ ይቆጥራል።

ሚዛኑ ቀስ በቀስ «ተጠገነ»። አስራ ስምንት አለ። ከዚያ አስራ ዘጠኝ። ገበሬዎቹ ተደሰቱ። «ባለሙያው እየመጣ ነው ማለት ነው» ይላል አባቴ። እኔ ግን በየገበያው እስከ ሃያ የቀረኝን እቆጥራለሁ። ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር፤ በየደጁ ሙክት ታስሮ ይቀለባል። የሚቀለበው ለፋሲካ ነው። ሃያ የሞላሁ ቀን እንደማልመለስ አውቃለሁ። ሚዛኑ ላይ ስወጣ ቀለል እንድል ትንፋሼን እይዛለሁ። ማሩን ግን እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ ማር ነው።

ዛሬ አዋቂ ሆኜ ሳየው የወገኔን ብልህነት አደንቃለሁ። ሚዛን ከማስተካከል ልጅ ማወፈር የሚረክሰው ነጋዴ ከሱ በቀር አልሰማሁም።

የሆሳዕና ሰሞን ገበያ ላይ ብረቱ ላይ ወጣሁ። መርፌው ተንቀጥቅጦ ሃያ ላይ ቆመ።

«ሃያ!» አለ ወገኔ። ዜማው ተመለሰ። «ያልኩት አልቀረም! ባለሙያ ከባሕር ዳር አስመጥቼ ነው።»

ሰልፉ አጨበጨበ። አያ ውዱ እንኳ «እንግዲህ ጥሩ ነው» አሉ። እኔ ጮኼ አለቀስኩ። «ሞላሁ!» እያልኩ ብረቱን በሁለት እጄ ይዤ አልወርድም አልኩ።

«ምን ሆነች?» አለ አባቴ።

እናቴ ጉንጬን ያዘች። አፌን ከፈተችው። በቀኝ በኩል ከኋላ ያለው ጥርሴ ከቀናት ጀምሮ ያመኝ ነበር፤ ድዱ ቀልቷል። ማርና ከረሜላው ሥራውን ሠርቷል። የተሸጠች ልጅ ጥርሷን ማመሟን ለማን ትናገራለች?

«ጥርሷ ነው!» አለች እናቴ። «ይኸውና የማር ትርፉ።»

በቀጥታ ወደ መድኃኒት ቤት። አባቴ ገና ከበሩ «ሃያ ናት!» አለ በኩራት። «አትቸገሪ፤ ገበያው ሁሉ ይመሰክራል።»

ዮርዳኖስ አየችኝ። ጉንጬን አየች፣ ሆዴን አየች። ጥግ ላይ አዲስ ሚዛን ቆሟል። «ይህች ናት ሃያ?» አለች። «ነይ ውጪ እዚህ ላይ።»

ወጣሁ። ዝቅ ብላ አነበበች። «ሃያ ሦስት ተኩል።»

አባቴ ሳቁ ፊቱ ላይ እንደቀረ «ደግመሽ መዝኛት» አለ።

ደግማ መዘነችኝ። ሃያ ሦስት ተኩል ነኝ።

አባቴ ሙዙን አሰበ። ማሩን አሰበ። በኪሴ የቀረውን ከረሜላ አወጣና እጁ ላይ አድርጎ አየው። ከዚያ ከረሜላውን እንደጨበጠ ወጣ። እናቴ ሽሮፑን ስታጠጣኝ፣ ዮርዳኖስም «ይሄ ሕመሙን ያበርድላታል እንጂ ጥርሱን አያድነውም፤ ለሐኪም ይታይ» ስትላት ተመለሰ። ድንች ተሸክሟል። ከኋላው አያ ውዱ ድንች ተሸክመዋል። ከሳቸው ኋላ በሩ ድረስ፣ ከበሩ እስከ መንገድ፣ ሰልፉ እንዳለ መጥቷል።

ዮርዳኖስ ጋውኗን አስተካከለች። «ምናችሁን ነው ያመማችሁ?»

«ድንቹን ነው እቴ» አሉ አያ ውዱ።

ጆንያ በጆንያ እየተነሣ በመድኃኒት ቤቱ ሚዛን ላይ ተቀመጠ። እያንዳንዱ ሲነበብ አንድ ሰው በአውንጊ አንድ ነገር ይላል፤ ሌላው ይደግመዋል። የሚሉትን እዚህ አልጽፍም። ዮርዳኖስ መጀመሪያ ልታስወጣቸው ፈልጋ ነበር፤ ኋላ ግን ራሷ ጎንበስ ብላ ማንበብ ጀመረች። እኔ ሮዙ ሽሮፕ ከንፈሬ ላይ እንዳለ የአባቴን ሱሪ ሳብኩ።

«አባዬ፣ ድንቹም ይጠጣል?»

«አይጠጣም።»

«ታዲያ ለምን ይመዘናል?»

«እንዳይታመም» አለ አባቴ።

«እኔስ ለፋሲካ ነው የምሄደው?»

«ወዴት?»

«የተሸጥኩበት።»

አባቴ ጆንያውን ጥሎ ቁልቁል አየኝ። ነገሬን አንድ በአንድ ሲያስወጣኝ፣ በሬውን፣ ሃያውን፣ ማሩን፣ ፊቱ ብዙ ጊዜ ተለዋወጠ። በመጨረሻ ብብቴ ሥር ገብቶ አነሣኝ፤ በዚህ ጊዜ ግን አልነቀነቀኝም። «አንቺን ማን ይሸጥሻል?» አለኝ አንገቴ ሥር። «ልክሽን የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ።»

ያን ቀን ማታውኑ፣ ሰዎቹ ድንቻቸውን ተሸክመው በፊቱ አልፈው ወደ ሌላ ነጋዴ ሲሄዱ ያየው ወገኔ፣ ሦስተኛውን ሚዛን አውጥቶ ኋላ በር ላይ አቆመው። አሁንም እዚያ ነው። አርጅቷል፤ አፈር ለምዷል።

ወገኔ ካረፈ በኋላ እታለማሁ ብቻዋን ቀረች። ባለፈው መስከረም ልጄን ይዤ ልጠይቃት ሄድኩ። ጉልበቷን ያማታል። ሐኪም ያዘዘላት ኪኒን ራስጌዋ ነው፤ ስትነሳም ስትቀመጥም ወገኔን ትጠራለች፣ በልማድ። ልጄ በረንዳው ላይ ስትሮጥ ማተቧን በዓይኗ ትከተላለች።

«እትዬ» አልኳት፤ «ያኔ እንዲያ ያበሉኝ የነበረው ለምን እንደሆነ ያውቁ ነበር?»

«እንዴት አላውቅ?»

«እና ዝም አሉ?»

ጉልበቷን በሁለት እጇ አሸችው። «ሚዛኑን ያወጣሁ ዕለት» አለች፤ «ወገኔ ለብዙ ቀን አላነጋገረኝም። ከዚያ አንድ ጧት ‹ለልጅቷ ማር ስጫት› አለኝ። ዓይኑን አይቼ ምን እንዳሰበ ገባኝ። አንዴ አጋልጬዋለሁ። ሁለተኛ ለማጋለጥ አቅሙ አልነበረኝም። ደግሞ» ብላ ትንሽ ፈገግ አለች፤ «ልጅ ወስደን እናሳድግ፣ ላብላ ብዬ የለመንኩት ዘመን ሁሉ እምቢ ብሎኝ ነበር። ያኔ ራሱ ብዪ ብሎ ሲሰጠኝ፣ እምቢ ልበል?»

ውኃ አቀበልኳት፤ ኪኒኗን ዋጠች። ልጄ ከበረንዳ መጥታ ጭኔ ላይ ዘፍ አለችና አቃሰትኩ። እታለማሁ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ፤ የሞተው ባሏ የሚያየኝ ነው የመሰለኝ።

«ሰውነትሽ ደህና ነው» አለች። «ስንት ኪሎ ሆንሽ አሁን?»

«በየትኛው?» አልኳት።